አጎቴ የላከው ድንጋይ

ሞጣ ላይ ያስያዘኝ የበሬ እበት ነው።

እኛ እስላሞቹ ሸማኔዎች ነን። መሬት የለንም፤ መሬት የሌለው ሰው ደግሞ በሬ አያስርም። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ክርስቲያን ነበረች። ፖሊሶች ያላትን አንድ በሬ ለእርሻ ግብር ሊነዱባት መሆኑን ስትሰማ ወደኔ ጓሮ አስገባችው። የሸማኔ ጓሮ ማን ይፈትሻል ብለን ነው። ጎሕ ሳይቀድ ነድታ ወደ ዘመዶቿ አሻገረችው፤ እበቱን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ፖሊሶቹ ሲመጡ አለቃቸው በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«የዚህ ቤት ሸማ እበትም ይጥላል እንዴ?» አለ። አብረውት የመጡት ሳቁ።

«የማን በሬ ነው?»

«በሬ አላየሁም።»

«እበቱ ከሰማይ ወረደ?»

 ወደ ቢቸና ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የምናገኘው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ወለሉ ላይ የበሰበሰ ጭድ አለ፤ ከጭዱ ሥር ያለውን ሽንትና ጭቃ ባልናገረው ይሻላል። ውሃ በአንድ ቆርቆሮ ለሁላችን ይመጣል። አብረውኝ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የቄስ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ግብሩን እንቢ ብለው ጫካ ስለገቡ በምትካቸው የታሰሩ፣ ምላሳቸው የማያርፍ አሮጊት። ስገባ ከላይ እስከታች አይተውኝ፣ «እስላምም ግብር እንቢ አለ? በሉ ቦታ ስጧት» አሉና ከቆሏቸው ዘገን አድርገው ሰጡኝ። ሥጋ ቢሆን አንበላላም ነበር፤ ቆሎ ግን ሃይማኖት የለውም።

ሊጠይቀኝ የመጣው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። በዚያ ጊዜ የእኛ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ምክር ቤት ይቀመጥ ነበር። ሲወዳደር ምልክቱ ፋኖስ ስለነበር እኔና የሰፈሬ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞርን «ፋኖሱን ምረጡ» ብለናል። ክርስቲያኑም ቃሉን አያጥፍም ብሎ መርጦታል። ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው። ምክር ቤት ገብቶ በዓላችን እንዲከበር፣ የቀብር ቦታችን እንዲከለል ተሟግቷል፤ ይህን አልነሳውም። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር አንድ ክፍል አትቀመጥም ብሎም ተሟግቷል። እኔን ከአራተኛ ክፍል ያስወጣኝ እሱ ነው፤ የቀረውን ካረጀሁ በኋላ ራሴ ተማርኩት። የእርሻ ግብሩ ሕግ ሲቀርብ ደግሞ ደግፎ እጁን አወጣ። በለውጡ ለሞጣ መስጊድ ቦታ እንሰጥሃለን ብለውት ነበር። ይህን ከሰው አልሰማሁም፤ ራሱ ነግሮኛል።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ አቆመው። አጎቴ ደጃፉ ላይ ጋቢውን ሰብስቦ ቆመ።

«ሶላትሽን ትሰግጃለሽ?» የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«ውሃው ለመጠጥም አይበቃ፣ ጋሼ። በምን ታጥቤ ውዱ ላድርግ?»

«ውሃ ከጠፋ ተየሙም አለ። ንጹሕ አፈር ወይም ንጹሕ ድንጋይ በእጅሽ ነክተሽ ፊትሽንና እጅሽን ታብሺያለሽ። አስተምሬሻለሁ።»

በእጄ ወለሉን አሳየሁት። ዓይኑን አነሳ።

«እናትሽ ደክማለች» አለ። «ከተኛች አልተነሳችም። አንቺን ነው የምትጠራው።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

«ለአገረ ገዥው ተናግሬልሻለሁ። ቅዳሜ ገበያው መካከል ድንጋይ ተሸክመሽ ማሩኝ ትያለሽ፤ የበሬውን ባለቤት ትናገሪያለሽ። ያኔውኑ ሞጣ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ባለቤቱስ ምን ይሆናል?»

«ምን አገባሽ? ግብሩ እኛን አይነካም። መሬት ሳይኖርሽ በመሬት ነገር ትታሰሪያለሽ? ‹የኔ ሰዎች የሉበትም› ብዬ ምዬላቸዋለሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ በሬ ልታፈርሺው ነው።»

«የተከበሩ እንደራሴ» አልኩት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ጠርቼው አላውቅም። «በሬው እኔ ጓሮ ነበር። አምና የታመምኩ ጊዜ ውሃ የቀዳልኝ ማን ነበር? እርስዎ አዲስ አበባ ነበሩ።»

ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናቴ እህቱ ናት፤ እሱም ያዘነ ነበር። ይህንንም አልነሳውም።

ድንጋይ መሸከም በአገራችን የታወቀ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተበዳዩ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳዩ አውርድ ሲለው ይታረቃሉ። እኔ የበደልኩት ሰው አልታየኝም።

ዓርብ ጠዋት ዘበኛው ድንጋዩን አምጥቶ መካከላችን አስቀመጠ። ከወንዝ የወጣ፣ ልሙጥ፣ ጭቃ ያልነካው ድንጋይ።

«እንደራሴው ናቸው ያስመረጡት» አለ። «እንዳይከብዳት ብለዋል።»

የቄሱ ሚስት ድንጋዩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኛ ምክር ቤት ወንበር ሰጠናቸው፤ እሳቸውም አልረሱንም፣ ወንበር ላኩልን!» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁ በኋላ አለቀስኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትታየኝ ነበር። አንድ ስም ብጠራ ማግስቱን አጠገቧ ነኝ። ማንም እዚያ ውስጥ «አትጥሪ» አላለኝም። የቄሱ ሚስት እንኳ አላሉኝም።

ቀትር ላይ የዙሁር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ድንጋዩን አየሁት። በዚያ ቤት ንጹሕ የሆነ ነገር እሱ ብቻ ነበር። እጄን አሳረፍኩበት፤ ፊቴን አበስኩ፤ እጆቼን አበስኩ። የቄሱ ሚስት ነጠላቸውን አውልቀው ጭዱ ላይ አነጠፉልኝና ሌሎቹን፣ «ፊታችሁን አዙሩ፤ ሰው ከፈጣሪው ጋር ነው» አሉ። ከታሰርኩ የመጀመሪያ ሶላቴን ሰገድኩ።

ቅዳሜ አጎቴ ራሱ ከዘበኛው ጋር መጣ። የገበያው ሁካታ እስከ እኛ ይሰማል።

«አንሺው» አለኝ።

«ተየሙም አድርጌበታለሁ። ማጅራቴ ላይ አላወጣውም።»

ዘበኛው እጁን ከድንጋዩ ላይ መለሰ። አጎቴ ድንጋዩን አየ፤ ያነጠፍነውን ነጠላ አየ።

«ሃይማኖቱ አይከለክልሽም» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። የምከለክለው እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ገበያው ወዳለበት ሳይሆን ወደ መኪናው ሄደ።

እናቴ በዚያው ሳምንት ሞተች። የነገረኝ ዘበኛው ነው። እኔ ስሰማ ተቀብራ ነበር። ባለ በሬዋ ጎረቤቴ ከቀብሩ ጀምራ እኛ ደጃፍ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች አሉ፤ ለምን እንደዚያ እንደምታለቅስ የጠየቃት የለም።

እኔ የወጣሁት ግብሩ ሲቀርና እስረኛው ሁሉ ሲለቀቅ ነው። ዛሬ ሞጣ ላይ ስለ አጎቴ ሲወራ፣ «የእህቱን ልጅ ከቢቸና ያስፈታ» ይላሉ። እሱም በሕይወት እያለ ሲሉ ይሰማ ነበር፤ አንድ ቀንም አላረማቸውም። አላስፈታኝም። ድንጋይ ነው የላከልኝ።

መስጊዱ ተሠርቷል። ጥሩ መስጊድ ነው፤ ውሃው አይቋረጥም። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ። ስገባ ቂሜን ከጫማዬ ጋር ደጅ አስቀምጣለሁ። ስወጣ ሁለቱም እዚያው ይጠብቁኛል።