ከተራራው ግርጌ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰሚራ ቤት ምሳ በልተን ስናበቃ፣ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠግታ፣ «እማዬ፣ ስዊዘርላንድን ላሳይሽ» አለችኝ። ለእኔ! ሐይቁን ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ። ከወሎ ወጥቼ ዐረብ አገር ሰው ቤት እሠራለሁ። የአገራቸው ሙቀት ሲበረታ አሠሪዎቼ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ሕፃኑን እንድይዝላቸው እኔንም ወሰዱኝ። ትንሽ አገር ናት፤ በተከራዩት ሚኒባስ ከዳር እስከ ዳር ዞርናት። ፈረንሳይኛ የሚናገሩበትን የወይን እርሻ፣ ጀርመንኛ የሚናገሩበትን ላምና ሣር፣ ጣሊያንኛ የሚናገሩበትን ዘንባባ ያለበት ሐይቅ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ማየት ከተባለ። ያየሁት በኋላ መስኮት ነው፣ ሕፃኑ ጭኔ ላይ እያስመለሰ። እነሱ ይወርዳሉ፣ ፎቶ አንሺን ይሉኛል፣ አነሣቸውና ተመልሼ መኪናው ውስጥ እገባለሁ። ከምግብ ቤቶቹ የሚቀልጥ አይብ ያውደኛል። እኔ ጠዋት የቀቀልኩትን ሩዝ እንደቀዘቀዘ ከድስቱ እበላለሁ።

የምጓጓለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባቡር የሚወጣው በረዷማ ተራራ። ማዳም፣ «በመጨረሻው ቀን አንቺም ትወጫለሽ» ብላ ቃል ገብታልኛለች። እኛ አገር በረዶ ይወርዳል፣ ሰብል ያወድማል፣ ወዲያው ይሟሟል። መሬት ላይ ተኝቶ የሚከርም በረዶ ግን በእጄ ነክቼ ለእናቴ ልነግራት አማረኝ።

ቀኑ ደረሰና ሁለት ሹራብ ደራርቤ አብሬያቸው ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ማዳም ሹራቤን አየች።

«ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል። እዚሁ ጠብቂን» አለችኝ።

«ማዳም፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ።»

«ተራራ ምን ያደርግልሻል? የመጣሽው ከተራራ አገር አይደል?»

አዎ፣ ተራራ ላይ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ያንገበገበኝም እሱ ነው! አሸዋ ላይ ያደጉት ገደሉን እያዩ እየተንቀጠቀጡ ሲወጡ፣ እኔ ከልጅ ጋሪ ጋር ታች ቀረሁ። ሕፃኑን እሹሩሩ እያልኩ በንዴት አለቀስኩ። ማዳም ስትመለስ ጫማዋን እንድጠርግላት እግሯን ዘረጋችልኝ። ሶሉ ሥር ትንሽ በረዶ ተጣብቃ ቀርታለች። እጄ የነካው በረዶ እሱ ነው።

ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል ይላሉ። የእኔን አላበረደውም። ለእናቴም ለልጄም ሳልናገረው ይኸው አርጅቻለሁ።

ሰሚራ ስልኳን እየነካካች ቀጠለች። «ለሁላችንም ቡክ ላደርግ ነው። እኛ ተራራው ላይ ስንወጣ አንቺ ቤቢውን ትይዥልናለሽ፣ ኦኬ?»

አታውቅም፣ ምን ታድርግ! ቢሆንም ድምፄ ከፍ አለ።

«ቡክ አድርጊ። ተራራው ላይ የምወጣው ግን እኔ ነኝ። ልጅሽን ታች ሆነሽ ራስሽ ያዢ!»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀና ብላ ፊቴን ስታየው ስልኩን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት።

ትናንት ደውላ፣ «እማዬ፣ ለተራራው ጓንት ልግዛልሽ?» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። በባዶ እጄ ነው የምነካው።