ሸሚዙን እስኪቆልፍ

ሰርግ እየቀረጽኩ ነው የያዙኝ፤ ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ አንድ እግሯን እንዳወጣች። ከዚያ በፊት የመሬት ካሳ የጠየቁ ገበሬዎችን ሰልፍ ቀርጬ ነበር። ካሜራዬን ከትከሻዬ ሲያወርዱት "ኧረ ሌንሱን ቀስ!" አልኩ። አንዱ ፖሊስ ሳቀ። አልፈርድበትም፤ ሰው እየታሰረ ለመስታወት ይጨነቃል?

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነበረች፣ ግድግዳዋ ኖራ። ከኔ በቀር ማንም የለባትም። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ሲያባራ ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ይመጣል፣ ከዚያ ጭር። ብቸኝነት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። በጣቶቼ ፍሬም እየሠራሁ፣ ልሠራው ያሰብኩትን ፊልም ግድግዳው ላይ እቀርጽ ጀመር። ቤቱን፣ ዛፉን፣ መንገዱን አሳምሬ አወጣቸዋለሁ። የሰው ፊት ላይ ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። ለኔ ደግሞ ፊልም ማለት የሰው ፊት ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው። ፊት ናፈቀኝ፣ በጣም ናፈቀኝ።

አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው ቢሮው አስጠራኝ። ካሜራዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሳየው እንባዬ መጣ፣ ምን ላድርግ።

"አንድ ሰው ጥፋቱን ያምናል፣ አንተ ትቀርጻለህ። ከዚያ ካሜራህን ይዘህ ወደ ቤትህ" አለኝ።

ሰውየውን አስገቧቸው። ሰልፉ ላይ የተናገሩት ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዓይናቸው አብጧል። የሚሉትን አስጠንተዋቸዋል። ካሜራውን ሲያዩ ግን ያስጠኗቸውን የረሱት መሰለኝ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ደባበሱ። ሰርግ ላይ ካሜራ ሲዞርበት ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

"ልጄ፣ እንዲህ ጥሩ ነው?" አሉኝ።

በካሜራው አየኋቸው። የመስኮቱ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አርፏል። እውነቱን ልናገር፣ ልቀርጻቸው ፈለግሁ። ቤቴንም ፈለግሁ።

"ጥሩ ነው፣ ጋሼ" አልኩና ሌንሱን ከደንኩት። ወደ መርማሪው ዞሬ "አልቀርጽም" አልኩ።

"አብደሃል እንዴ? ቤትህ መግባት አትፈልግም?"

"እፈልጋለሁ። እሳቸው ግን ሸሚዛቸውን የቆለፉት ለዚህ አይደለም።"

በጥፊ መታኝ። ካሜራዬን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሽማግሌውን ሌላ ሰው ይቅረጻቸው አይቅረጻቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ክፍሌ ስመለስ ያው ዝናብ፣ ያው ኖራ ጠበቀኝ። በጣቶቼ ፍሬም ሠራሁ። በዚያ ቀን የሽማግሌው ፊት አልጠፋብኝም።

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ፊልም እሠራለሁ። ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ኮሌታውን ማስተካከል ከጀመረ እስኪጨርስ ቀረጻ አላስጀምርም። ረዳቴ "ኧረ ብርሃኑ ሊሄድብን ነው!" እያለ ይነጫነጫል። ይሂድ። አንዳንዴ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ቆልፈው ቀና ይሉና "እንዲህ ጥሩ ነው?" ይሉኛል።

"ጥሩ ነው፣ ጋሼ" እላለሁ።