የቀሪ ውሃ

የአገር መሪ የነበሩት ሰው ቡራዩ፣ እኛ ሰፈር ቤት ሲገቡ ጎረቤቱ ሁሉ «በቃ፣ አስፋልት ሊገባልን ነው» ብሎ ነበር። አልገባም። ክረምት ሲመጣ እሳቸውም እንደኛው ቦት ጫማ አጥልቀው ጭቃውን ሲያቦኩ አየናቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኚህን ሰው ግን የቆጫቸው ሌላ ነገር ኖሯል።

እኔ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር የባሕር ዛፍ አጠና የምሸጥ ሴት ነኝ፤ የሰፈራችን እድር ዳኛም ነኝ። ዳኛ ያደረጉኝ ሰው ስለማልፈራ ነው፤ አንዳንዶቹ ስለምጮህ ነው ይላሉ። በእኛ እድር ቅጣት ገንዘብ አይደለም። ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ሰው ለዚያው ለቅሶ ቤት ከቦኖ ውሃ ይቀዳል። ቦኖው ከዳገቱ ሥር ነው፤ ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ የወጣ ሰው ሁለተኛ መቅረት አያምረውም። የገፈርሳ ውሃ እኛን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፣ እኛ ጀሪካን እንሸከማለን። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ስለምናደድ ልተወው።

ሰውየው ብዙም ሳይቆዩ አጠና የምሸጥበት ድረስ መጥተው «እድር መዝግቡኝ» አሉ።

«ባለቤቴ ታማለች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡንም። በሥልጣን ላይ ሳለሁ ስንት ቀብር ሄጃለሁ፤ የአበባ ጉንጉን አስቀምጬ መኪናዬ ውስጥ እገባ ነበር። ሟቹን የማውቀው ከተጻፈልኝ ንግግር ነው። እሷን እንዲያ እንዲሸኟት አልፈልግም። የሚያውቋት ጎረቤቶቿ ይቅበሯት።»

ምን ይባላል? መዘገብኳቸው።

መመዝገቡ ቀላል ነበር፤ እድርተኛ ማድረጉ ነው ያቃተን። ጡሩምባ ሲነፋ ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። የድንኳኑን ምሰሶ ሲይዙ አንዱ ሮጦ «ኧረ ክቡርነትዎ!» ብሎ ይቀማቸዋል። ከዚያ ከአንዱ ቤት ሶፋ ይወጣል፤ ለቅሶ ደራሹም ሐዘንተኛውን ትቶ እሳቸውን እጅ ይነሳል። አንድ ጊዜማ ባሏ የሞተባት ሴት ከፍራሿ ተነስታ ቦታ ልትለቅላቸው ስትል አየሁ። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብለው እጇን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። እኔ በንዴት አረርኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በሰፈሬ ሰው።

ከዚያ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሞቱ። ድንኳን ሲተከል ሰውየው አልነበሩም፤ አዲስ አበባ የሕንጻ ምረቃ ተጠርተው ሄደዋል። በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ጸሐፊያችን፣ ባለሱቁ ሐጂ፣ የቀሩትን ስም ሲጠሩ እሳቸውን ዘለሏቸው። ሰውየው ከአግዳሚው ተነሱ።

«ሐጂ፣ እኔም ቀርቻለሁ።»

«እርስዎማ ለአገር ጉዳይ ነው የቀሩት» አሉ ሐጂ፣ አፍረው።

«ምን የአገር ጉዳይ አለ? ሪባን ሲቆረጥ ለማየት ነው የሄድኩት። የቆረጠውም ሌላ ሰው ነው።» ሳቅ ያመለጠው ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛ፣ የማይቀጣው እንግዳ ነው። እኔን እንግዳ ካደረጋችሁኝ፣ በባለቤቴ ቀንም ቤቴ የሚመጣው እንግዳ ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ «እለፊያቸው» በሚል ዓይን አፈጠጠብኝ። አላለፍኳቸውም።

«ውሃ ይቀዳሉ!» አልኩ። ድምፄ ለለቅሶ ቤት በዛ።

ጠባቂያቸው ተሽቀዳድሞ ጀሪካኑን አነሳ። «አስቀምጥ! አንተ እድርተኛ አይደለህም» አልኩት። ሰውየው ራሳቸው ይዘውት ወረዱ። ሲመለሱ ዳገቱን እያረፉ ነው የወጡት፤ ሸሚዛቸው በላብና በውሃ ርሷል። ኦሮምኛና አማርኛ እያደባለቁ የሚያወሩት ሽማግሌው ጡሩምባ ነፊያችን ሊያመሰግኗቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ገለቶማ ኦቦ! ሹመት ያዳብር!»

እስከዚያ ቀን እንደ ማንኛውም አቶ «ኦቦ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ምሰሶ የሚቀማቸው ጠፋ፤ ሶፋውም ከቤት አልወጣም። እኛ ሴቶቹም ባለቤታቸውን እየሄድን መጠየቅ ጀመርን። ሴትየዋ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። «ባሌን ለቁም ነገር ያበቃሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ስንት ዓመት ውሃ አምጣ ብዬው አልሰማኝም» ይሉኝ ነበር። ወደድኳቸው። እንደማይድኑ እያወቅሁ ወደድኳቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ጡሩምባውን ሰምቼ ስደርስ፣ ከከተማ የመጣ የጭነት መኪና ነጭ ድንኳን፣ የቬልቬት ወንበርና የአበባ ጉንጉን ሊያራግፍ በራቸው ላይ ቆሟል። ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት «እናቴ፣ ፕሮግራሙን የምንመራው እኛ ነን» አለኝ። ልጮህበት አፌን ስከፍት ሰውየው ከቤት ወጡ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«እድር አለኝ» አሉት። «ዳኛችን እሳቸው ናቸው፤ የሚሉህን አድርግ።»

የአበባ ጉንጉኑን አስገባ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ግን መልስ አልኩት። ጣሪያው የተጣፈው የኛው ድንኳን ተተከለ። ሐጂ ስም መጥራት ጀመሩ። ሁሉም «አለሁ» እያለ መለሰ፤ እግሩ የተሰበረው አናጢ እንኳ በክራንች መጥቶ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል።

«ቀሪ የለም» አሉ ሐጂ።

ሰውየው ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ሰሙ። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ ያኔ መጣ።

ቀሪ ከሌለ ግን ውሃ የሚቀዳም የለም። ጀሪካኑን አንስቼ ቁልቁል ወረድኩ።