ፍየል ወዲህ፣ ላጥ ወዲያ

አሁን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ የመኪና ሽቅድምድሙን ጨዋታ ስልኩ ላይ ይጫወተዋል። ባለ ሦስት እግር ረክሻ ላይ ተቀምጦ፣ የውሃ ተራ እየጠበቀ፣ ሰርግ ቤት ሳይቀር፣ በአውራ ጣቱ መስታወቱን እየጠረገ ያችን ትንሽ መኪና ይነዳታል። የጨዋታዋን ስም ብትጠይቁት በእንግሊዝኛ ይነግራችኋል። ምን ያውቃል! ስሟ ፍየል ላጥ ነው። ስሙን ያወጣላት ደግሞ ይታያል ነው፣ በቅናቱ ሰፈር ያስቸገረው ይታያል።

እኔ በላይነሽ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት ቤቴ ከይታያል ጌም ቤት ጋር በግድግዳ ትገናኛለች፤ የከማሉ ጌም ቤት ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ነበር። ክር እያስገባሁ ሁለቱንም አያለሁ። አይቼም ዝም አልልም፣ ተፈጥሮዬ ነው።

ይታያልን ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በወድ ኤል ሒለው በኩል እጁን ይዘው ድንበር አሻግረው ነው ያስገቡት። ካምፕ አደገ፣ ሰሊጥ አጨደ፣ ሎሪ ላይ ረዳት ሆነ። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ገደማ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዶ፣ ከጅዳ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ሲሸጥ ያገኘውን የጌም ማሽን ተሸክሞ መጣ። ከማሽኑ ጋር የነበረው ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ እንቁራሪት፣ ግመልና አንድ ወፍራም ምግብ አብሳይ በትንንሽ መኪና የሚሽቀዳደሙበት። መንገዱ እንደ ተዘረጋ ሰሌን ጠፍጣፋ ነበር፤ መኪናዎቹም ከካርቶን ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። ቢሆንም ገዳሪፍ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ሰሊጥ ሊያጭድ ከመተማ በኩል የመጣው ሁሉ ማጭዱን በር ላይ አቁሞ ይሰለፍ ነበር።

የመጨረሻው ዙር ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በጎረነነ ድምፅ አንድ ነገር ይጮሃል። በኋላ ትምህርት የገባቸው ልጆች «ፋይናል ላፕ ነው የሚለው» ብለው ሊያርሙን ሞክረዋል። ይታያል ግን የሰማው «ፍየል ላጥ!» ሲል ነው። አንዴ እሱ ከሰማ በኋላ እኛም ሌላ ነገር መስማት አልቻልንም። ፍየሏ በረቷን ሰብራ ላጥ ስትል ነው የሚታየን። የጨዋታው ስም በዚያው ጸና።

ያኔ ይታያልን ያየ ሰው ንጉሥ ነው ይል ነበር። «በፍየል ላጥ የሚቀድመኝ ሰው ከዚህ እስከ ከሰላ የለም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አይናለምን ያገባትም በዚያ ጊዜ ነው። ቀይ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ እናቷ መተማ ይኖራሉ። እሷን ጆይስቲክ አያስይዛትም። «ይኼ የሴት እጅ አይወድም» ብሎ ቤቱን ያስጠርጋታል እንጂ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከማሉ መጣ። እሱም የእኛው ሰው ነው፣ ወላጆቹ ከሑመራ በኩል የተሰደዱ፤ ጥርሰ በረዶ፣ ሳቂታ፣ ላጤ። ፊት ለፊት ቤት ተከራየና ሁለተኛውን ፍየል ላጥ አስገባ። ይኼኛው በሲዲ የሚሠራ ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ድልድይና ዋሻ አለው፤ ደግሞ አራት ሰው ባንድ ላይ ያጫውታል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንዲሉ፣ በመጣ በሳምንቱ የይታያልን ደንበኛ ግማሹን ወሰደው።

ይታያል ቀና። ዝም ብሎ አይደለም የቀናው፤ ምግብ እስኪያስጠላው ነው። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና ወደ ከማሉ ቤት የሚገባውን ሰው ባይኑ ይከተላል። ቆጥቦ ቆጥቦ ሁለተኛውን ሲገዛ ከማሉ ሦስተኛውን አስገባ፤ መኪናው ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት፣ ውሃ ውስጥም የሚነዳበት፣ ጆይስቲኩ ያለ ገመድ የሚሠራ። «ያለ ገመድ?» አለኝ ይታያል። «አዎ፣ ያለ ገመድ» አልሁት። ምሳውን ሳይበላ ተነሥቶ ሄደ።

ሰፈሩ ደግሞ ስሙን ለሁለት ቤት ከፈለው። ወደ ይታያል መሄድ «ፍየል» ተባለ፣ ወደ ከማሉ መሄድ «ላጥ»። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ፍየል ነህ ላጥ?» እንባባላለን። ሲቆይ በከማሉ ቤት «ላጥ እንበል» ማለት አንድ ጨዋታ እንጫወት ማለት ሆነ። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ ነበር። ይታያል የዚያን ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅማ፤ በእሱ ፊት የከማሉን ስም የሚያነሣም የለም። አይናለምንም «እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ» ብሏታል። በጨዋታው የጀመረው ቅናት ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ከማሉ ከሳቀ በእሷ የሳቀ ይመስለዋል።

አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛው ከገባ ዓመት ሳይሞላው፣ ከማሉ ፖርት ሱዳን ወንድሙ ዘንድ ሊሄድ ሻንጣውን አሰረ። ማሽኑን ግን አልሸጠም። «በጨዋታ ያሸነፈኝ ይውሰደው» ብሎ አስነገረ። ብዙ ወንድ ሞክሮ ተሸነፈ።

ይታያል ሱሪውን ላሳጥርለት እኔ ቤት የመጣው ያኔ ነው። ሱሪውን ተቀብዬ ከመጋረጃው ኋላ በቁምጣ አስቀመጥሁት። እየሰፋሁ ሳለ አይናለምና ከማሉ ደጃፌ ላይ ተገናኙ።

«ነገ ቀን ላይ ላጥ እንላለን» አለች አይናለም። «ለይታያል ግን ማንም እንዳይነግረው። ከሰማ አለቀልኝ።»

«ወላሂ ማንም አይነግረውም» አላት ከማሉ። «ነገ ላጥ ብለን ኸላስ፣ አለቀ፤ ከዚያ ጉዞ ነው።»

ሳልሁ። ደግሜ ሳልሁ። አልገባቸውም፣ ሄዱ። መጋረጃውን ብገልጥ ይታያል ፊቱ አመድ መስሏል። ድብቁ ውድድር ተሰማ ብዬ ደነገጥሁ። «አደራህን፣ እንዳልሰማህ ሁን» አልሁት።

«አንቺም ታውቂያለሽ እንዴ፣ እትየ በላይነሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ!»

«እሽ» አለኝ። «እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።» ሱሪውን አንዱ እግር እንደ ረዘመ ለብሶት ወጣ። ነገ ካሸነፈችለት ይደሰታል ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስሁ።

እሱ የሰማው ላጥ የጥንቱን ላጥ ነው፤ ሴት ከሰው ቤት ስትኮበልል የሚባለውን። ፖርት ሱዳን ማዘናጊያ መሰለው። ከዚህ አገር ሚስት ይዞ የሚጠፋ ሰው መንገዱ በገላባት ነው፣ የአይናለም እናት ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ናቸው። ስለዚህ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ እንደ ወጣች ቤቱን ቆልፎ፣ ዱላ ይዞ፣ በመጀመሪያው ሎሪ ገላባት ወረደ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ወደ መተማ የሚሻገረውን ሁሉ ሲያይ ዋለ። የተሸፋፈነች ሴት ባየ ቁጥር ይከተላል። «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ምን ጠፋብህ?» ብሎ አንድ ወታደር ቢጠይቀው ዱላውን ከኋላው ደብቆ ዞር አለ። በመጨረሻ አንድ ሎሪ ላይ ሸራ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ቢያይ ዘሎ ገለጠው። ፍየሎች ነበሩ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ደግሞ የከማሉ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አይናለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀመጠች። ከማሉ ግመሉን መረጠ፣ እሷ እንቁራሪቷን። ሰው ሳቀባት። ከማሉ እስከ መጨረሻው ዙር ሲመራ ቆየና ማሽኑ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ «ፍየል ላጥ!» አለ። ያኔ አይናለም መታጠፊያውን ጠርዝ ለጠርዝ ቆርጣ ግመሉን ጥላው ሄደች። እልል ያልሁት እኔ ነኝ። ከማሉ ማሽኑን በገዛ እጁ ተሸክሞ እስከ ይታያል በር አደረሰላት። በሩ ተቆልፏል። እሱም የመኪናው ሰዓት ደርሶ ሄደ።

አይናለም ማሽኑን በትራፊ ጨርቅ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ለስንት ዓመት የተቃጠለበትን ነገር ልትሰጠው ነበር የጠበቀችው። አልመጣም። ሰው ሲያልፍ «ይታያል ላጥ አለ እንዴ?» እያለ ይቀልድባታል።

በማግስቱ ጠዋት አቧራ ለብሶ ከሎሪ ወረደ። እሷን በሩ ላይ ሲያያት ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«የት ነበርህ?»

«ገላባት።»

«ምን ልትሠራ?»

«ከከማሉ ጋር ላጥ ስትይ ልይዝሽ።»

እኔ በሳቅ ፈረስሁ። አይናለም ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ገልጣ ማሽኑን አሳየችው፣ በከማሉ ቤት ላጥ ማለት መጫወት መሆኑንና ማሽኑን እንዴት እንዳገኘችውም ነገረችው። «ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ» አለችው። «እኔ ዓይኔ በር በሩን ነበር የሚያየው። አንተን ነበር የምፈልግ።» ይቅርታ ቢላት፣ ጉልበቷን ቢስም በቂ ነበር። እሱ ግን ማሽኑን ዞሮ ዞሮ ሲያይ ቆይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ከማሉ ሆን ብሎ ነው የለቀቀልሽ?»

እኔ እንኳ መቀሴን ጣልሁ። አይናለም ወደ ጓዳ ገብታ ልብሷን ሰብስባ ቋጠረች። «ላጥ ማለት ምን እንደሆነ አሁን አሳይሃለሁ» አለች። «እናቴ ዘንድ ነው የምሄድ።» ይታያል በሩ ላይ ቆመ፤ አያስቀራት፣ አያሳልፋት። እያየናት እዚያው አንድ ነገር አሰበችና ጓዟን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አሮጌውን አውጣው» አለችው። «ያንን ባለ ካሴቱን። አንተ ንጉሥ የሆንህበትን።»

አቧራውን አራግፎ ቀጠለው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በትዳራቸው ሙሉ እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ቀደመችው። «እጄ ገላባት ደርቆ ነው» አላት፤ ደግማ ቀደመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሰውዬው «ፍየል ላጥ!» ሲል የይታያል መኪና ገና ከኋላ ትንፏቀቃለች።

«እንግዲህ አሁንስ ማን ለቀቀልኝ?» አለችው።

ይታያል ግንባሩን ላብ አጠመቀው። አመሉ አይለቀውምና አሁንም ዓይኑ በቅናት ቀላ።

«ማን አስተማረሽ?»

አይናለም ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አንተ ነህ» አለችው። «ማታ ማታ ስትጫወት በመጋረጃው ቀዳዳ አይሃለሁ። ጠዋት ቤቱን ስጠርግ ያንተን አነዳድ እደግመዋለሁ። ሌላ ሰው ሲነዳ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም።»

ይታያል ወደ በሩ ዞሮ አየ። ጓዟ አሁንም በሩ ሥር ነበር። ከዚያ ጆይስቲኩን አነሣ፤ ያንን ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን የከማሉን ቤት ቃልም ቀስ ብሎ ተናገረው።

«እሽ፤ እንግዲህ ላጥ እንበል።»