በማርያም ዕለት ብረት

አጎቴን አልወደውም። ከሞተም በኋላ አልወደድኩትም።

የተጣላንበት ነገር ቁጥቋጦዎቼ ናቸው። ቅጠላቸው ደቃቅ ነው፣ ክረምት ከበጋ አይረግፍም። ግንጣያቸውን ከደሴ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አምጥቼ ከበራችን እስከ ሐይቁ መውረጃ ግራና ቀኝ ተከልኳቸው። ሥራቸውን እየኮተኮትኩ፣ የደረቀ ቅጠል ከውስጣቸው እየለቀምኩ፣ በበግ መሸለቻ መቀስ እየከረከምኩ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ አደረግኳቸው። ታማሚዋ እናቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ "ያችኛዋ ጎብጣለች፣ ቀና አድርጋት" ትለኛለች። ከመኝታዋ የሚያስነሳት ሌላ ነገር አልነበረም።

መስከረም ሃያ አንድ የሰፈሩ ሰው ግሸን ሲወጣ እኔ እናቴን ላስታምም ቀረሁ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ከረከምኳቸው። እርጥብ ሆነው ከተቆረጡ ጫፋቸው ይጠቁራል፤ ደረቅ ቀን አይታለፍም። በእኛ አገር ግን በየወሩ በማርያም ዕለት አረንጓዴ ነገር ብረት አይነካውም፤ በረዶ ይጠራል ይባላል። በማግስቱ በረዶ ወረደ። ከአጥሬ ማዶ ያለው የአጎቴ ጤፍ መሬት ላይ ተነጠፈ። የኔዎቹ ጥቅጥቅ ብለው ስለነበር ከጥቂት ቅጠል በቀር ምንም አልሆኑም። ይበልጥ ያናደደው ይሄ ነው።

"የኔ ጤፍ ተኝቶ ያንተ ቅጠል ቆሞ ያድራል?" አለኝ፣ የግሸንን አቧራ ከእግሩ ሳያራግፍ። ለእናቴ ግንባሯን የምትቀባው እምነት ይዞላት መጥቷል፤ ለኔ ደግሞ ቂም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው።

"አንቱ የጤፍዎን ነገር ለማርያም ይንገሩ" አልኩት።

"ካልነቀልካቸው እድሩ ደጅህን አይረግጥም!" ብሎኝ ሄደ። የእድሩ ዳኛ እሱ ነበር፤ ቃሉን የሚያፈርስበት ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ ወር ውስጥ በአንዱ ቀን ጎህ ሲቀድ እናቴ አረፈች። ዓይኗን ከድኜ፣ ለእድሩ ተናግሬ ጥሩምባውን ጠበቅኩ። ፀሐይ ወጣች፣ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን መለሱ፣ ጥሩምባ የለም። እናቴን ብቻዬን ተሸክሜ ልቀብራት ነው? ዶማ አነሳሁ። አጎቴን እየረገምኩ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። የመጨረሻዋ፣ ያችው ጎባጣዋ፣ ስትወድቅ ጥሩምባው ተነፋ። ለካ አጎቴ ከአጥር ማዶ ቆሞ ሲያየኝ ኖሯል።

መጡ። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ፣ ከሁሉም በላይ የጮኸው እሱ። ከቀብር መልስ ከነቀልኳቸው መካከል ጎባጣዋን አንስቶ፣ "ልጄ፣ ይችን መቃብሯ ላይ ትከልላት። እናትህ ትወዳት አልነበር?" አለኝና ዶማዬን አቀበለኝ።

"ቀኑ ዛሬ ምንድን ነው?" አልኩት።

ጎባጣዋን መሬት ላይ አስቀመጣት። ከጠዋት ጀምሮ ዶማዬን ያየ እድርተኛ ሁሉ ቀኑን እያወቀ አልፎኝ ነበር።

"ዛሬ ማርያም ናት፣ አጎቴ። ብረት አይነካም።"