ዶላሩ እስኪወጣ ድረስ

የካቲት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ወይን እየገረዝኩ ነበር። ሉኮ ከታች በድንጋዩ ደረጃ ሲወጣ አየሁት። የቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል። ዕድሜውን መርከብ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ የጫማውን ክር ሳያጠብቅ ከበር ወጥቶ አያውቅም። መቀሱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

አጠገቤ ሲደርስ ትንሽ ተነፈሰና፣ «ስቲዬፖ፣ ዬሌ አትነሳም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው አትነሳም?»

«ምድጃውን አቀጣጥዬ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። ከዚያ ገብቼ እጇን ያዝኩት።»

መቀሱን ወይኑ ሥር አስቀመጥኩ። ተከታትለን ወረድን።

ዬሌ ታላቅ እህቴ ናት። ሉኮ ባሏ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ሐኪሙ፣ ልቧ በእንቅልፏ መቆሙን ነገረን። ስለ አሟሟቷ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

መንደራችን በተራራውና በባሕሩ መካከል የተጣበቀች ናት። ወይንና ወይራ አለን፤ የሚያበላን ግን መርከብ ነው። ወንዶቹ የግሪክም መርከብ ላይ ይሥሩ የጃፓን፣ ደሞዛቸው የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው። ዶላሩ ኒውዮርክ ባለ ባንክ በኩል ዞሮ፣ ከተማችን ባለው ባንክ በየሰዉ ሂሳብ ይገባል። የፈለገ ሰው እንደ ደረሰ ያስለውጠዋል። ያልፈለገ ዶላር እንደሆነ ያስቀምጠዋል። በመንደራችን ከዕለት ወጪው በላይ የሚያስለውጥ የለም። የዶላር ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰው ይጠብቃል። የአገራችን ገንዘብ ኩና በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበር፣ ዩሮ ከመጣም በኋላ እንዲሁ ነው። ጠዋት ወደቡ ላይ፣ «ዛሬ እንዴት አደረ?»፣ «ትናንት ወድቆ ነበር፣ ዛሬ ትንሽ ቀና ብሏል» ሲባባሉ የሚሰማ እንግዳ፣ ስለ ታማሚ የሚያወሩ ይመስለዋል።

ሉኮ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሰው ነበር። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይሄዳል፣ ሁለት ወር ቤቱ ያርፋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ለዘለቄታው የሚወርድበት ቀን ግን ከተጋቡ ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ዶላሩ ሲወጣ። ያን ጊዜ ያጠራቀሙት ተለውጦ የዓሣ ጀልባ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ ሉኮ የሚያድረው ቤቱ ነው። ዬሌ ይህን ስትሰማ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ፀጉሯ ወገቧ ይደርስ ነበር።

የወር ደሞዝ ሲገባ ባንኩ በስልክ መልእክት ይልካል። የባሕረኛ ሚስቶች ጉድጓዱ ጋ ልብስ እያሰጡ ሳለ ስልክ ጪው ካለ፣ አንዷ ታነሳና፣ «የኔ ገባ» ትላለች። የደሞዙን ነገር መናገሯ ነው፤ እንደዚያ ነው የሚሉት።

«ያንቺስ አልገባም እንዴ ዬሌ?»

«ገባ እንጂ፣ ትናንት ነው የገባው። ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ አያንኮራፋም።»

«ካልሲስ?»

«ካልሲም አይጥልም። ደግሞ ኒውዮርክን አይቶ ነው የሚመጣው። እኔ እዚህ አፍንጫችን ሥር ያለውን ዱብሮቭኒክን ካየሁ አራት ዓመቴ፣ እሱ በየወሩ ኒውዮርክ!»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትገባና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቆስጣና ድንች ትቀቅላለች። ግማሽ ጥቅል ጎመን መግዛት አትወድም ነበር። ሙሉውን ገዝታ ግማሹን ለእኔ ታመጣለች፤ «ለሁለት ሰው መግዛት ስለለመደብኝ ነው» ትለኛለች። የት እንደለመደችው አላውቅም።

የአየር ትንበያ ትከታተላለች። የኛን ባሕር አይደለም። ስለ እስያ ዳርቻ ማዕበል፣ ስለ ቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ንፋስ ታውቃለች። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ ሸክላ እየደረደርኩ ሳለ ከታች ትጮህልኛለች፤ «ስቲዬፖ፣ ዛሬ እዚያ መጥፎ ነው!» እላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። «እዚያ የት?» አልላትም። ሉኮ ያለበት ነው።

አንድ ጊዜ የነገረችኝን አልረሳም። ክረምቱን ሙሉ ሉኮን የምትወቅስበትን ነገር ስታጠራቅም ትከርማለች፤ ስለ ውሃ ቧንቧው፣ ስለ እናቱ ዘመዶች፣ ለልደቷ ሳይደውል ስለመቅረቱ። «ሁሉንም በቅደም ተከተል ይዤዋለሁ። ከዚያ ይመጣል። ሻንጣውን ያስቀምጥና እዚያች ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ሲነቃ አንዱም ትዝ አይለኝም። መኪና ላይ ሲሳፈር ነው የሚመጣልኝ።»

አንድ ዓመት ዶላሩ ወጣ። እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዬሌ መስኮቶቹን ሁሉ አጠበች። ወደቡ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር የማይነሱት ባርባ ቭላሆ ግን፣ እኛ ዘንድ አርጅቶ ከመርከብ የወረደ ሁሉ ባርባ ይባላል፣ «አሁን የሚሸጥ ሞኝ ነው፤ ገና ይወጣል» አሉ። ሉኮም ከመርከቡ ደውሎ፣ «ትንሽ እንታገስ» አለ። ታገሱ። ፀደይ ሲገባ ዶላሩ ወረደ። ሉኮ አዲስ ኮንትራት ፈረመ። ከዚያም ሌላ። ዶላሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ይፈርማል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ገና ይወጣል ብሎ ይፈርማል።

መንደሩ ውስጥ በዚህ የሚገረም የለም። የባርባ ቭላሆም ሚስት እንደዚሁ ጠብቀዋል፤ እናታቸውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት በመከር ጊዜ ሉኮ ደወለ። ዬሌ እኔ ቤት ነበረች፤ ሰርዲን በጨው እየደረደርን ነበር። እጇ ጨው ስለሆነ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አናገረችው።

«ዬሌ፣ አንድ ኮንትራት ብቻ ልጨምር ነው። አሁን ዋጋው አይረባም።»

«እሺ» አለችው።

«ተቀየምሽ?»

«አልተቀየምኩም። ዓሣ በእጄ ይዣለሁ።»

ሲዘጋ የቀረውን ሰርዲን ጨርሳ ደረደረች። በላዩ ድንጋይ ጫነችበት። እጇን ታጠበችና፣ «ነገ ከተማ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

«ምን ጉዳይ አለኝ?»

«አለህ። እኔን ታደርሰኛለህ።»

ባንኩ መስኮት ላይ ያለችው ዴሻ ናት፤ ከኛው መንደር ነች፣ የሁላችንንም ሂሳብ ታውቃለች። ሂሳቡ በባልና ሚስቱ ስም ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ማዘዝ ይችላል። ዬሌ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ፣ «ዶላሩን በሙሉ ወደ ዩሮ ለውጪልኝ» አለቻት።

ዴሻ ቀና ብላ አየቻት። «ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ዬሌ፣ ዛሬ እኮ ወድቋል! በዚህ ዓመት እንደ ዛሬ የወረደበት ቀን የለም።»

«አውቃለሁ። ሬዲዮ አለኝ።»

«አንድ ሳምንት እንኳ ቆዪ። ሉኮ ምን ይለኛል? ስቲዬፖ፣ አንተ ንገራት እንጂ!»

እኔ መኪናዬን በትክክል ያቆምኩ እንደሆነ ለማየት በመንገዱ በኩል ወዳለው መስኮት ዞርኩ።

«ዴሻዬ» አለች ዬሌ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እኔ መጠበቅ ስጀምር አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። ለውጪልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣውንም፣ በመጣበት ቀን፣ ምንም ይሁን ምን ለውጪው። ቤቴ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።»

ዴሻ ራሷን ደጋግማ እየነቀነቀች ለወጠችላት። ስንወጣ ዬሌ አይስክሬም ግዛልኝ አለችኝ። በዚያ ብርድ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ በላች።

ማታውን እኔ እሷ ቤት እያለሁ ሉኮ ደወለ። ነገረችው። ከጀርባው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«በስንት?» አለ በመጨረሻ።

ዋጋውን ነገረችው።

«ወይ ዬሌ … ወይ ዬሌ …» ከዚያ፣ «ባርባ ቭላሆ ሰምተዋል?»

«ድመቶቹም ሰምተዋል።»

«እና አሁን እኔ ምን ልጠብቅ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ» አለችው።

ለሁለት ሳምንት ያህል አልደወለም። መንደሩ የአንድ የጀልባ ሞተር ዋጋ ባሕር ውስጥ ጣለች ብሎ አወራ። ይባስ ብሎ ዶላሩ በማግሥቱ መውጣት ጀመረ። ባርባ ቭላሆ ዳቦ ይዛ ስታልፍ ጠሯት።

«አየሽ የኔ ልጅ? ወጣ!»

«ይውጣ ባርባ። እርስዎ እዚያው ቁጭ ብለው ይዩልኝ።»

«ሉኮ ይፈታሻል!»

«ለመፍታትም እኮ መምጣት አለበት» አለቻቸው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ቀን እንዲህ ትበል እንጂ፣ በዚያ ሁለት ሳምንት ስልኩን ከእጇ አላወረደችም። ጎመኑን ሙሉውን አመጣችልኝ። ከዚያ ሉኮ ደወለ። የምንዛሪውን ነገር አላነሳም። የያዘውን ኮንትራት እንደጨረሰ እንደሚወርድ፣ ለኩባንያውም እንደነገራቸው ተናገረ። «ትንሽ ጀልባ ትሆናለች፤ ያሰብኳት አይደለችም» አላት።

«እኔም ያሰብካት አይደለሁም፤ አርጅቻለሁ» አለችው።

መጣ። በፀደይ ነው የመጣው። ሻንጣውን ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠው፤ ዬሌ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ፣ መዶሻና መሰርሰሪያ እይዝበታለሁ። ጀልባዋን ገዙ፤ ለሁለት ሰው የምትበቃ፣ ቀለሟ የተላጠ። ሉኮ መሬት መልመድ አቃተው። ገና ሳይነጋ ተነስቶ የውሃ ማሞቂያውን ያዳምጣል። ማቀዝቀዣው ድምፅ ከቀየረ ከምግብ ይነሳል።

«ያን ሁሉ ዘመን ናፍቄው፣ አሁን ከእግሬ ሥር አልወጣም አለ» ትለኝ ነበር። «ትናንት ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ አሳየኝ። ለኔ!»

ግን ቀስ እያለች ትራመድ ነበር፣ እሱ እንዲደርስባት። ከዓሣ ሲመለስ ወደቡ ላይ ቆማ ገመዱን የምትቀበለው እሷ ነበረች፤ አያያዝ ስለማታውቅ ሁልጊዜ ይስታታል፣ እሱም ሁልጊዜ ይወረውርላታል።

አንድ የወር መጨረሻ ላይ ሦስታችን ውጭ ቁጭ ብለን ራት እንበላለን። ከጎረቤት ግቢ የባሕረኛ ሚስት ስልክ ጪው አለ። ዬሌ ሹካዋን አስቀምጣ ወደ ራሷ ስልክ አየች። ቆይታ ሳቀች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ሉኮ።

«ወሩ ሲያልቅ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኛል። አልተወኝም።»

«እዚህ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። ቆስጣ እየበላህ ነው» አለችው፤ እጁንም ዳሰሰችው። የዚያን ቀን ፊቷን እያየሁ፣ ናፍቆት ሰውየው ሲመጣ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑ ገባኝ። አንድ ቦታ ይዞ ኖሯል፤ ቦታውን ለቆ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው። ቀስ የሚልበት ጊዜ ግን አልነበራቸውም። አንድ በጋ፣ አንድ መከር፣ አንድ ክረምት ብቻ ሆነ።

ቀብሯ ላይ መንደሩ ሁሉ መጣ። ባርባ ቭላሆ በከዘራቸው እስከ መቃብሩ ተራራውን ወጡ። የሉኮን ትከሻ ይዘው ቆዩና፣ «ያን ጊዜ ባትሸጠው ኖሮ አንተ አሁን መርከብ ላይ ነበርክ» አሉት። ሉኮ እውነት ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከሰዉ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ይህን ነው፤ ተሳስተው የነበሩ ሰው ስለሆኑ ይሆናል።

አሁን ማታ ማታ እሱ ጋ እበላለሁ። ጎመን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ሙሉውን።

ባለፈው ሳምንት ዴሻ ደወለች። ሉኮ ስላላነሳ ወደ እኔ ነው የደወለችው። የመርከብ ኩባንያው ሳይከፍለው የቀረ የዕረፍት ክፍያ ልኳል፤ ዶላሩ ገብቷል፤ ዬሌ ባዘዘችው መሠረት በዚያው ቀን ወደ ዩሮ ተለውጧል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ይምጣና የእሷን ስም ከሂሳቡ እናንሳ፣ ትእዛዟም አብሮ ይነሳል አለችኝ። ለሉኮ ነገርኩት። «ነገ» አለ። በነጋታው መኪናውን አስነስቼ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ወጥቶ በመስኮቱ አየኝና፣ «ዛሬ ንፋስ አለ፣ ጀልባዋን ላጥብቅ» ብሎ ወደ ወደቡ ወረደ።

ሉኮ እስካሁን ባንክ አልሄደም። የዬሌ ስም ከሂሳቡ ላይ አልተነሳም።