የአልጋ ቁራኛ የማያውቅ ዘር

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ልጅ እግር ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ምስኪን፣ ክው አለ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ተዝለፍልፎ ወድቆ ነው ያመጣነው። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቡን ምት ወረቀት ላይ አወጡ፤ ከዚያ የእናቱን፣ ከዚያም የእኔን። ሐኪሙ ሦስቱንም ካየ በኋላ ልባችን የሚመታበት ኤሌክትሪክ ላይ ከዘር የሚወረስ እንከን እንዳለ፣ ልጁም በመድኃኒት እንደሚጠበቅ ነገረን። ቀጥሎ፣ በእኔ ወገን ድንገት የሞተ ሰው፣ ተኝቶ የቀረ ሕፃን ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። እጄ የተነሣው ይኼኔ ነው። የመታሁት ጠረጴዛውን አይደለም፤ እናቴንና ወንድሜን ነው። ሁለቱም ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው።

ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ጀርባ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ሰፈሩ ሁሉ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ አጠና ነጋዴ ነበር። ሚስቱ የሺ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም፤ ስንላፋና ስንሳሳቅ ነበር የምንውለው። የበኩር ልጃቸው ማሙሽ ክርስትና ከተነሣ ብዙም አልቆየም። ጉንጩ ሊፈርጥ ደርሶ ነበር።

አባታችን ቁጭ ብሎ ሲስቅ ነው ክልትው ያለው። ወንድሙም መብረቅ ሲጮኽ፣ ቆሞ በነበረበት። እናቴ ይህን በየለቅሶው እንደ ማዕረግ ታወራው ነበር፤ "እነሱ ዘር የአልጋ ቁራኛ የለም" እያለች። እኛም ኮራንበት። ጉድ እኮ ነው!

አንድ የሐምሌ ማለዳ ለየሺ አጥሚት ሳማስል ከጓዳ ጮኸች። ገብቼ ሳይ ማሙሽ በጀርባው ተኝቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ገላው ቀዝቅዟል። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፤ ማታ ጠብቶ፣ እየሳቀ ነበር የተኛው። እናቴ ነጠቀቻትና አገላብጣ አየችው።

"ተጭነሽ ገደልሽው" አለቻት።

በቃ፣ ፍርዱ አለቀ። ደምሴ መጀመሪያ በጥፊ አላት፣ ከዚያ በእርግጫ። በፀጉሯ እየጎተተ ጓሮ አወጣትና ከክምሩ ላይ አጠና መዘዘ። ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ፣ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቃ የሚሰማውን ድምፅ ነበር የሚያሰማው። የሺ አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። ጭቃው ላይ ተደፍታ ልጇን ብቻ ነው የምትጠራው። ያልጠባው ወተት ቀሚሷን አርሶት ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። አንዷ "ኧረ እናት ናት" ስትል ሌላዋ "ይበላት" አለች። አቤት እንዴት እንደጠላኋቸው!

እኔ ሽምግልና አላውቅም። የፈላውን አጥሚት ከነድስቱ አንሥቼ ወጣሁና እግሩ ላይ ደፋሁበት። አጓርቶ ዞረ፤ በያዘው አጠና አፌን አለኝ። የፊት ጥርሴ ከደሜ ጋር ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ክፍተቱ ዛሬም አለ። እሱ እግሩን ይዞ ሲንከባለል የሺ በባዶ እግሯ፣ ደም እንደለበሰች ከግቢው ወጣች። አስኮ፣ አክስቷ ቤት ገባች። ልጇን ሲቀብሩ አላየችም፤ ብትመጣ እንደሚገድላት ምሎ ነበር።

እሱም ዓመታት አልፈው ዋጋ ሲከራከር አጠናው ላይ ተደፋ፣ አልተነሣም። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ አልጋ ሳይዝ ሞተልኝ ብላ ተጽናናች።

ይህን ሁሉ ለሐኪሙ አወራሁለት።

"እማማ፣ ሳይመረመር የተቀበረ ሕፃን ስለሆነ መማል አልችልም" አለኝ። "አንዳንዱ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያባንነው የአንጎሉ ክፍል በደንብ ሳይበስል ይቀራል። ምክንያቱ ጭራሽ የማይገኝም አለ። የቤታችሁን ነገር ስሰማ ግን ልቡን እጠረጥራለሁ። ያም ከሆነ የወረሰው ከአባቱ ነው።"

ከዚያው በቀጥታ አስኮ ሄድኩ። የሺ ሸብታለች፣ ጀርባዋም ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብለን ሐኪሙ ያለኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ ወይ ትረግመናለች። እሷ ግን፣

"ልጁ መድኃኒቱን ጀመረ?" አለችኝ።

ጀምሯል አልኳት። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እንደ ሕፃን።

"ከዚያ ወዲህ የወለድኳቸውን አንዳቸውንም አጠገቤ አስተኝቼ አላውቅም" አለች። "እነሱን አልጋ ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ ይነጋል።"

አሁን በየማለዳው ትደውላለች፤ ልጁ መድኃኒቱን መዋጡን ሳታረጋግጥ ስልኩን አትዘጋም። እኔም በዘሬ መኩራት ትቻለሁ። እኛ አልጋ ሳንይዝ ስንሞት፣ እሷ ያን ሁሉ ዓመት አልጋ ሳትይዝ ኖረች።